ከዳሞታ ግርጌ፣ በቡላ ድስት ዙሪያ

በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ከእንሰት ዓይን አያመልጥም። ቡታጅራን ካለፉ ጀምሮ በየጓሮው ብቅ ጥልቅ ሲል የነበረው ተክል አረካ ሲደርሱ ቤቱን ከቦ ቆሞ ይጠብቃል። ቅጠሉ ከሰው ቁመት በላይ ተንሰራፍቶ፣ ግንዱ አንድ ሰው በሁለት እጁ አቅፎ የማይጨርሰው ሆኖ ያድጋል። ወላይታዎች ኡታ ይሉታል። ፍግና አመድ በቀላሉ እንዲደርሰው ከደጃፍ ብዙም አይርቅም፤ በቆሎውና ስኳር ድንቹ ከእሱ ወዲያ ነው የሚዘራው። እኔም ከመኪናው መስኮት አንገቴን እያወጣሁ፣ ጎኔ የተቀመጡትን መንገደኞች እስኪሰለቻቸው ድረስ፣ «ይሄኛው ስንት ዓመቱ ይሆን?» እያልኩ ነው ሶዶ የገባሁት።

ሶዶ የዳሞታ ተራራን ተደግፋ የተቆረቆረች፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫም ሆናለች። ጠዋት ዳሞታ ጉም ይለብሳል። ጉሙ ሲገፈፍ በስተ ደቡብ በኩል የአባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ውሃ ከሩቅ ይታያል። ዝናቡ ለጋስ፣ መሬቱ ቀይ፣ አረንጓዴው ብዙ ነው። አገሩን ገና ሳልጠግበው ነው የወደድኩት፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም።

የሄድኩት ግን ተራራና ሐይቅ ለማየት ብቻ አልነበረም። ውሃና ፖሊመር ሲገናኙ የሚሆነውን ነገር፣ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ በቀመር ብቻ የሚታወቀውን፣ ሥራዬ ብለው ሲሠሩት ለማየት ነበር። ፖሊመር ሲባል አብዛኛው ሰው ላስቲክና ፕላስቲክ ይመጣበታል። ነገር ግን ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ በክር ተሰክተው ረጅም ሰንሰለት ከሠሩ ፖሊመር ናቸው። ስታርች ፖሊመር ነው፤ ዶቃው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ነው። የእንሰት ቃጫም ፖሊመር ነው፤ የእሱም ዶቃ ያው ግሉኮስ ነው። የሚለያቸው የግሉኮሶቹ አያያዝ ነው። በስታርች ውስጥ አያያዙ ሰንሰለቱን ጠምዘዝ እያደረገ ይሄዳል፤ በቃጫው ሴሉሎስ ውስጥ ደግሞ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ጎን ለጎን ይጣበቃል። ስለዚህ አንዱ በፈላ ውሃ ገንፎ ይሆናል፤ ሌላው ቀኑን ሙሉ ቢቀቀል ከገመድነቱ አይወጣም። ሁለቱም ከአንድ ግንድ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀን ሲለያዩ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል!

ያየሁት ከሶዶ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገበሬ ቤት ጓሮ ነው። የቤቱ እመቤት ጣውላውን ከቆመ እንሰት ጋር አጋድመው መሬቱ ላይ ተቀምጠዋል። ከግንዱ የተላጠውን ረጅም ልባስ ጣውላው ላይ አንጥፈው የላይኛውን ጫፍ በእግራቸው ይረግጡታል፤ በሁለት እጃቸው በያዙት የቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል። በእያንዳንዱ ፍቅታ ነጭ ርጥብ ሥጋው ከሥር በተነጠፈው የኮባ ቅጠል ላይ ይወርዳል፣ ጭማቂው ጠብ ጠብ ይላል፣ ቃጫው ንጹሕ ሆኖ ጣውላው ላይ ይቀራል። ምራታቸው ደግሞ የተፋቀውን እያፈሱ ይጨምቃሉ። የተጨመቀው ውሃ ወተት መስሎ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ጥቂት ቆይቶ ከላዩ እየጠራ ይሄዳል፤ ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ይተኛል። ውሃውን ቀስ አድርገው ሲደፉት የሚቀረው ያ ዝቃጭ ነው ቡላ።

እዚያ ቁጭ ብዬ ሳይ የገባኝና እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ነገር ይሄ ነው፦ የእንሰት ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ የውሃ ሥራ ነው። ግንዱ አብዛኛው ውሃ ነው። መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ማዝቀጡ፣ ማጥለሉ፣ ማድረቁ፣ በጉድጓድ ከድኖ ማብላላቱ፣ እንደገና መጭመቁ፣ ማቡካቱ፣ መጋገሩ፣ ሁሉም «በዚህ ሰዓት ለዚህ ስታርች ስንት ውሃ ይገባዋል?» የሚል ጥያቄን መመለስ ነው። የፖሊመርና የውሃ ቴርሞዳይናሚክስም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ዝቃጩን እንውሰድ። ቡላ በቀዝቃዛ ውሃ የማይሟሟው ለምንድን ነው? ስኳር ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞለኪውሎቹ እያንዳንዳቸው ተበታትነው ነፃነት ያገኛሉ። ያ የመበታተን ዝንባሌ ኤንትሮፒ ይባላል። አንድ ሺህ ዶቃ በአንድ ክር ከተሰካ ግን ዶቃዎቹ ተበታትነው የትም አይደርሱም፤ ከመደባለቅ የሚያተርፉት ነፃነት እጅግ ትንሽ ነው። ይህንን በስሌት ያስቀመጡት አሜሪካውያኑ ፖል ፍሎሪና ሞሪስ ሃጊንስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ። ፍሎሪ እ.ኤ.አ. በ1974 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በስታርች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ሰንሰለቶቹ በቅንጣቷ ውስጥ በከፊል በሥርዓት ተደርድረው እርስ በርስ ተያይዘዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ቢገባባት ቅንጣቷ ትንሽ ታብጣለች፤ ስትደርቅ ተመልሳ እንደነበረች ትሆናለች።

ስለዚህ የእንሰት ስታርች ሳይሟሟ ይሰምጣል፤ ደግሞም ፈጥኖ ይሰምጣል። አማካይ የቅንጣቱ ስፋት 46 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሆኖ ተለክቷል፤ ለስታርች ትልቅ የሚባል ነው። በወላይታ ቦይና የሚባለውና እኛ ጎደሬ የምንለው ሥር ስታርች ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ማይክሮ ሜትር ነው። ማታ በባትሪ መብራት ስሌቱን ሠራሁት። በንጹሕ ውሃ ውስጥ የእንሰቷ ቅንጣት 10 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ 3 ደቂቃ ያህል ይበቃታል፤ 3 ማይክሮ ሜትር የሆነችው የጎደሬ ቅንጣት ግን ከ11 ሰዓት በላይ ትፈልጋለች። ጎደሬ በዚያ ላይ ውሃውን የሚያዝለገልግ ሙጫ አለው፤ እሱም ሌላ ፖሊመር ነው። ጎደሬ ተቀቅሎ የሚበላ፣ እንሰት ደግሞ ቡላ የሚወጣው የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው ብዬ ባልምል እንኳ፣ ጎደሬን በማዝቀጥ ቡላ አወጣለሁ የሚል ሰው ብዙ ትዕግሥት እንደሚያስፈልገው ቁጥሩ ይናገራል።

ከጓሮው ወደ ማድቤት ገባን። ጉልቻው ላይ ድስት ተጥዷል፤ ውሃው ገና መንጫጫት ጀምሯል። እመቤቲቱ ቡላውን በሌላ ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጡት። ለአፍታ አሳረፉት፤ ከላይ የጠለለውን ኮምጠጥ ያለ ውሃ ደፉና በአዲስ ውሃ ደግመው በጠበጡት።

«እናቴ፣ ደረቁን ቡላ እፈላው ውሃ ላይ ቢነሰንሱትስ?» አልኳቸው።

«ይጓጉላላ ልጄ! ላዩ ይበስልና ውስጡን ይቆልፍበታል። ጥሬ ትበላለህ።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። የፈላ ውሃ የነካው የውጭው ቡላ በአንዴ አብጦ ዝልግልግ ግድግዳ ይሆናል፤ ውሃ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ለማለፍ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ውስጡ ደርቆ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ ማለት እያንዳንዷ ቅንጣት ሙቀቱ ሳይመጣ ውሃዋን እንድትይዝ ማድረግ ነው።

የተበጠበጠው ድስቱ ውስጥ ገባ፤ የፈላው ውሃ በረደ። ማማሰያው መዞር ጀመረ። እኔ የማብሰያ ቴርሞሜትር ይዤ ስለነበር ፈቃድ ጠይቄ ከዳር በኩል አስገባሁት። ሃምሳ ሲል ምንም የለም፤ ነጭ ውሃ ነው፣ ማማሰያው እንደ ልቡ ይዞራል። ስልሳን ሲያልፍ የእመቤቲቱ ክንድ ጠንከር አለ። ወዲያው፣ በጥቂት ዲግሪዎች ውስጥ፣ ወተቱ ጠፋና ግራጫማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ዝልግልግ ነገር መጣ፤ ማማሰያው ያለፈበት መንገድ ተመልሶ አልዘጋ አለ። ሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ሥራው አልቋል። እሳቸው ቴርሞሜትሩን አላዩትም፤ ክንዳቸው ነግሯቸዋል፤ እንጨቱን ከምድጃው ሳብ አደረጉት።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ መምህሩ ጽጌ ገብረማርያም ከተመራማሪው ሽሚት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 በጀርመኑ የስታርች መጽሔት ባወጡት ጥናት ያንኑ ቅጽበት በመሣሪያ ለክተውታል። ከቡላ ባወጡት ንጹሕ ስታርች ላይ ለውጡ 61.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይጀምራል፣ 65.2 ላይ ከጫፍ ይደርሳል፣ 71.7 ላይ ያበቃል። ለእያንዳንዱ ግራም ስታርች የሚዋጠው ሙቀት 21.6 ጁል ነው። ይህ ሙቀት ኤንታልፒ የሚባለው ነው፤ የተደረደሩት ሰንሰለቶች ከእርስ በርስ መያያዛቸው እንዲላቀቁ የሚከፈል ዋጋ። ከ60 ዲግሪ በታች ዋጋው ይከብዳል፣ ሥርዓቱ ይጸናል። ሙቀቱ ሲጨምር ሰንሰለቶቹ ከመፈታታት የሚያገኙት ነፃነት እየገዘፈ ይሄድና 65 አካባቢ ከዋጋው በላይ ይሆናል። ያኔ ቅንጣቶቹ ይከፈታሉ፣ ውሃውን ይጠጡታል፣ ድስቱ ይጠብቃል። አብሲት ጥላ የምታውቅ የእንጀራ ጋጋሪ ይህችን ሰዓት በጤፍ ላይ በደንብ ታውቃታለች።

ዋጋው የሚገርም ርካሽ ነው። ለ1 ግራም ቡላ 5 ግራም ውሃ ብናስገባ፣ ያንን ውሃ ከ20 እስከ 65 ዲግሪ ለማድረስ 940 ጁል ገደማ ይፈልጋል፤ ስታርቹን ለመፍታት ከሚያስፈልገው ከ40 እጥፍ በላይ ማለት ነው። እንጨቱ የሚነደው ለቡላው ሳይሆን ለውሃው ነው። ደግሞ ሶዶ ከፍታዋ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ላይ ነው። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ አልበስል እያሉ የሚያስቸግሩት በዚህ ምክንያት ነው። ቡላ ግን ፍላቱን አይጠብቅም፤ 21 ዲግሪ ያህል እየቀረው ሥራውን ይጨርሳል። ለደጋ ሰው ከዚህ የተስማማ ምግብ ከየት ይገኛል?

እስካሁን ያለው ውሃ እንደ ልብ ሲገኝ ነው። ከተፋቀው ሥጋ በሚሠራው ቆጮ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በጉድጓድ ተብላልቶ የወጣው ቆጮ ተጨምቆ፣ ተከትፎ፣ ከተቦካ በኋላ ያለው ውሃ ከገንፎው ጋር አይወዳደርም። ውሃ ሲያንስ ደግሞ ስታርች የሚፈታበት ሙቀት ወደ ላይ ይሸሻል፤ ይህንን የፍሎሪ ቀመር አስቀድሞ ይናገራል፣ በድንች ስታርችና በሌሎችም ላይ በተደጋጋሚ ተለክቷል። የውሃው ድርሻ ወደ 30 በመቶ ከወረደ ከ100 ዲግሪ በላይ ይጠይቃል። ፍጹም የደረቀ ስታርች ደግሞ ከመቅለጡ በፊት ያርራል። ታዲያ የቆጮ ጋጋሪ ሁለት ጠላት አለባት፦ ሙቀቱ እንዲያይል ትፈልጋለች፣ ሙቀቱ ሲያይል ግን ውሃው ተንኖ ይሄድባታል። መፍትሔው ኮባው ነው። ሊጡ በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣዱ ላይ ይተኛል። ቅጠሉ እንፋሎቱን ውስጥ ይይዛል፣ የራሱንም እርጥበት ይጨምራል፣ ሊጡ በገዛ ውሃው ይበስላል። የኮባውን ሽታ ብቻ ስናመሰግን የኖርን ሰዎች ይህንን ውለታውንም እናውቅለት። ቅጠሉን ገልጠው ትኩሱን ቆጮ ሲያወጡ ላዩ ላይ የኮባው መስመር ታትሟል፤ ዳጣ በሚባለው የሚያቃጥል ማባያ በላሁት፤ ዳጣው አስለቀሰኝ፤ ደግሜ ጠየቅሁ።

ማታ የተረፈ ቡላ ጠዋት ሌላ ነገር ነው። ድስቱን ገልብጠው ቢያዩት በድስቱ ቅርጽ ረግቷል፤ ዳር ዳሩ ላይ ጥቂት ውሃ አንብቷል። በሙቀት የተፈቱት ሰንሰለቶች ሲቀዘቅዙ ዳግመኛ መደርደር ጀምረዋል፣ የጠጡትንም ውሃ ከመካከላቸው እያወጡት ነው። ስታርች ሁለት ዓይነት ሰንሰለት አለው፦ ቅርንጫፍ እምብዛም የሌለው አሚሎስና ባለ ብዙ ቅርንጫፉ አሚሎፔክቲን። አሚሎስ በሰዓታት ውስጥ ይረጋል፤ አሚሎፔክቲን ቀናት ይፈጅበታል፤ እንደ ፍሪጅ ያለ ቅዝቃዜ ደግሞ ያፋጥነዋል። በዚያው ጥናት ላይ የእንሰት ስታርች 29 በመቶ አሚሎስ ሆኖ ተገኝቷል። የዳሞታ ሌሊት ደግሞ ቅዝቃዜው አይናቅም። ጠዋት ቡላውን መልሰው ሲያሞቁት አሚሎፔክቲኑ 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈታል፤ የረጋው አሚሎስ ግን ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ተራ ድስት አይፈታውም። ስለዚህ የጠዋት ቡላ የማታውን መምሰል አይችልም። እመቤቲቱ ምንም ሳይሉ ጨረፍ አድርገው ቅቤ ጨመሩበት። ቅቤ ውስጥ ያሉ ነፃ ፋቲ አሲዶች በአሚሎስ ጥምዝ ውስጥ ገብተው የመቀመጥ ልማድ አላቸው፤ የተያዘ አሚሎስ ደግሞ በቀላሉ አይደረደርም። ይህ ብቻ ነው ቅቤ የሚጨመርበት ምክንያት ማለት ግን በወላይታ ቅቤ ላይ ግፍ መሥራት ይሆናል።

ደረቅ ቡላ ገበያ ላይ ያየሁት በነጭ ጓልና በዱቄት መልክ ነው። ሻጯ እፍኝ አንስተው ጨብጠው ለቀቁት። ተፈርፍሮ ከወረደ ደርቋል፤ ቅርጹን ይዞ ከቀረ እርጥብ ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል። ደረቅ የምንለው ቡላም ቢሆን ውሃ አለው። ስታርች ከአየሩ ጋር እርጥበት እየተለዋወጠ የሚኖር ነገር ነው፤ በክረምት ከአየሩ ይስባል፣ በበጋ ይመልሳል። የመጨረሻዋ ጥቂት ውሃ ከሰንሰለቱ ጋር በብርቱ ስለምትያያዝ እሷን ለማውጣት ከተራ ትነት የበለጠ ሙቀት ይጠይቃል። በተገላቢጦሹ እጅግ የደረቀ ስታርች ውሃ ሲነካው ራሱ ጥቂት ሙቀት ይለቃል።

ይህ ጠባይ ከማድቤት አልፎ መድኃኒት ቤት ገብቷል። ጽጌ ገብረማርያም ከተመራማሪው ኒኮላዬቭ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ሥራ የእንሰት ስታርች ለመድኃኒት እንክብል ሁለት አገልግሎት መስጠት እንደሚችል ፈትሸዋል፤ ዱቄቱን አጣብቆ መያዝና እንክብሉ ከተዋጠ በኋላ እንዲፈርስ ማድረግ። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ሁለቱንም የሚያደርገው ግን የውሃው መጠንና ሙቀቱ ነው። በሙቅ ውሃ የተፈታው ስታርች ሙጫ ይሆናል። ሳይፈታ በደረቁ የገባው ደግሞ የሆድ ውሃ ሲደርሰው አብጦ እንክብሉን ይበትነዋል።

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። በጋንዳባ ግቢው አጥር አጠገብ ሳልፍ አንድ ነገር ተመኘሁ፤ ምኞቴ አሁንም አለቀቀኝም። ተማሪዎቻችን ስለ ፖሊመር ሲማሩ በፖሊኤቲሊንና በናይሎን ይጀምራሉ፤ የፍሎሪን ቀመር ፈተና ላይ ያወርዱታል፤ የብዙዎቹ እናቶች ግን ያንን ቀመር በክንዳቸው ያውቁታል። የመጀመሪያው የፖሊመር ትምህርት ቡላ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ምድጃና ቴርሞሜትር ይዞ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል፤ ወጪውም ከዱቄቱ ዋጋ አያልፍም፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ደግሞ ይበላል።

ወደዚያ መሄድ የምታስቡ ሰዎች፣ የምትችሉ ከሆነ በመስከረም አጋማሽ ሂዱ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ የሚከበረው ያኔ ነው፤ ማድቤቱ ሁሉ ይሞላል፣ ሙቿና ባጭራ የሚባሉት የበዓል ምግቦችም ይወጣሉ። በአረካ በኩል ካለፋችሁ የአጆራን መንትያ ፏፏቴ እዩ፤ ቦሎሶ ላይ ጎደሬውን ቅመሱ፤ የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው ቦሎሶ-1 የሚባል ዝርያ የተሰየመው በዚያው አገር ስም ነው። ቡላ ሲቀርብላችሁ ሳይበርድ ብሉት። ከተፈቀደላችሁ ደግሞ ከመብላታችሁ በፊት ማማሰያውን ተቀብላችሁ ራሳችሁ አማስሉ፤ ስልሳ ዲግሪ እስኪያልፍ ድረስ እንዳትለቁት።